ፓስዎርድ አትንገሩ፣ አካውንት ክፈቱላቸው

የቢሮ ላፕቶፕ ቤት ከገባ የቤቱ ሁሉ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የትራንዚት ድርጅት የኮምፒውተሩን ጣጣ የምሸከመው እኔ ስለሆንኩ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። ሠራተኞቻችን ዲክላራሲዮን ለመጨረስ ወይም የወሩን ሒሳብ ለመዝጋት ማሽናቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሳቢያን ይሂድ ገንደ ቆሬ፣ ታሪኩ አንድ ነው። ልጅ ካርቱን ማየት ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ዘመድ አሳይመንት አለበት። ጎረቤት ሲቪ ላሠራ ብሎ ከች ይላል። አቦ፣ ለዘመድ "ኮምፒውተሬን አትንካ" ማለት ቀላል ነው እንዴ? ነውር ነው። ስለዚህ ሰው ፓስዎርዱን ይናገራል።

እኔ የምመክረው ሌላ ነው። ፓስዎርዳችሁን ለማንም አትንገሩ፤ ላፕቶፑ ላይ ለሁሉም የየራሳቸውን መግቢያ፣ ማለትም አካውንት ክፈቱላቸው። ማንም አይቀየምም። እንዲያውም የራሱ ስም ያለበት አካውንት የተከፈተለት ሰው ተከለከልኩ አይልም፣ ተሰጠኝ ነው የሚለው።

የሒሳብ ክፍላችን ባልደረባ ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ባል፣ ሁለት ልጆች፣ አማት፣ ከደደር መጥቶ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የባሏ ወንድም ልጅ አሉ። ላፕቶፑ ላይ የነበረው አካውንት አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም አድሚን፣ ማሽኑን በሙሉ የሚያዘው። ፓስዎርዱ የትልቋ ልጇ ስም ነው፣ መጨረሻው ላይ 123። ትንሹ ልጅ ገና ፊደል አልለየም፤ ፓስዎርዱን ግን ጣቶቹ ለምደውት ዓይኑ ቴሌቪዥን ላይ ሆኖ ይጽፈዋል። እዚያው ማሽን ላይ የአስመጪዎች ኢንቮይስ፣ የሰው ፓስፖርት ኮፒ፣ ቲን ቁጥር፣ የባንክ ሰነድ ተቀምጧል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው መረጃ መጠበቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሕግ ግዴታም ነው።

መጀመሪያ፣ ማሽኑ የማን ነው?

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ይህን እወቁ። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ አካውንትስ የሚለውን ክፈቱ። ከዝርዝሩ ውስጥ "አክሰስ ወርክ ኦር ስኩል" የሚል አለ። እዚያ የድርጅታችሁ ስም ወይም የሥራ ኢሜይላችሁ ተገናኝቶ ካያችሁ፣ ማሽኑን ከሩቅ የሚያስተዳድረው ድርጅቱ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ እዚህ የምጽፈውን በራሳችሁ አትሞክሩት። ለአይቲ ክፍላችሁ ደውሉና "ለቤተሰቤ አካውንት መክፈት እችላለሁ ወይ?" በሉ። አይቻልም ካሏችሁ አይቻልም፤ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው።

ድርጅቱ ማሽኑን ገዝቶ ሰጥቷችሁ ሌላውን ሁሉ ለእናንተ ከተወ፣ ወይም በራሳችሁ ላፕቶፕ የቢሮ ሥራ የምትሠሩ ከሆነ፣ እንቀጥል። እዚህ ከተማ ብዙው ሰው ያለው በዚህኛው ወገን ነው። ቢሆንም የቢሮ ንብረት ከሆነ አለቃችሁን አስፈቅዱ።

አድሚን ማን ይሁን?

ዊንዶውስ ላይ ሁለት ዓይነት አካውንት አለ። አድሚኒስትሬተር የግቢውን ቁልፍ ሁሉ የያዘው ነው። ፕሮግራም ይጭናል፣ ያጠፋል፣ የሌላውን ሰው ፓስዎርድ ይቀይራል፣ የተዘጋ ፎልደር ያስከፍታል። ስታንዳርድ ዩዘር የራሱን ክፍል ቁልፍ ብቻ የያዘ ተከራይ ነው። ይሠራል፣ ይጽፋል፣ ኢንተርኔት ይጠቀማል፤ ማሽኑን በሙሉ የሚነካ ነገር ሲመጣ ግን የአድሚን ፓስዎርድ ይጠየቃል።

ብዙ ሰው "እኔ ባለቤቱ ስለሆንኩ እኔ አድሚን፣ ልጆቹ ስታንዳርድ" ይላል። ግማሹ ልክ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ እናንተም በየቀኑ የምትገቡበት አካውንት ስታንዳርድ መሆን አለበት። ምክንያቱም ቫይረስ ሲገባ የሚሠራው በገባበት ሰው መብት ነው። ደንበኛ ባመጣው ፍላሽ ላይ ያለውን ፋይል የሚከፍቱት ልጆቹ አይደሉም፣ እናንተ ናችሁ። በአድሚን ገብታችሁ ስትሠሩ ዊንዶውስ የሚያቀርብላችሁ "የስ" እና "ኖ" ብቻ ነው። ያንን ደግሞ ማንም ሳያነብ "የስ" ይለዋል። በስታንዳርድ ከሆናችሁ ፓስዎርድ ጻፉ ይላችኋል። ፓስዎርድ ለመጻፍ የሚያቆም ሰው ምን እየጫነ እንደሆነ ያነባል።

ስለዚህ የአድሚን አካውንት ለብቻው ይሁን። ማንም በየቀኑ የማይገባበት፣ ፓስዎርዱ ከእናንተ ውጭ ማንም የማያውቀው።

አካውንት አከፋፈት

ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አካውንትስ፣ ከዚያ "አዘር ዩዘርስ"። "አድ አካውንት" የሚለውን ጫኑ። መጀመሪያ ኢሜይል ይጠይቃችኋል፤ አትስጡት። ከታች የዚህ ሰው መግቢያ መረጃ የለኝም የሚል መስመር አለ፣ እሱን ጫኑ። ቀጥሎ በሚመጣው ገጽ ላይ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ዩዘር ጨምር የሚለውን ምረጡ። ስምና ፓስዎርድ የሚሞላበት ቅጽ ይከፈታል።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያው ነው፤ ልዩነቱ ገጹ "ፋሚሊ ኤንድ አዘር ዩዘርስ"፣ የምትጫኑት ደግሞ "አድ ሰምዋን ኤልስ ቱ ዚስ ፒሲ" መባሉ ነው። በነገራችን ላይ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ማሽናችሁ 11ን መሸከም የሚችል ከሆነ አሳድጉት።

ስም ስትጽፉ በላቲን ፊደል፣ ባጭሩ፣ ያለ ክፍት ቦታ ጻፉ። ዊንዶውስ በአማርኛ ስምም አካውንት ይከፍታል። ችግሩ ሰውየው መጀመሪያ ሲገባ በዚያው ስም ፎልደር ይፈጠርለታል፤ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ደግሞ የግዕዝ ፊደል ያለበት መንገድ ሲያዩ ግራ ይጋባሉ። ስሙን በኋላ ብትቀይሩት ፎልደሩ በድሮው ስም ይቀራል።

አሁን የደኅንነት ጥያቄዎቹ ይመጣሉ። ፓስዎርድ ካስገባችሁ ሦስት ጥያቄ መርጣችሁ እንድትመልሱ ያስገድዳችኋል፤ ፓስዎርድ ሲረሳ መግቢያ ናቸው። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የተወለድክበት ከተማ ምን ይባላል ይላል። ድሬዳዋ ብላችሁ መለሳችሁ እንበል። ሌላው በልጅነት ሲጠሩህ የነበረው ቅጽል ስም ይላል። ድሬ ውስጥ ቅጽል ስም የሌለው ሰው አለ? ቅጽል ስማችሁን የሰፈር ልጅ በሙሉ ያውቀዋል፤ ከእናት አባት ስማችሁ ይልቅ በሱ ነው የምትታወቁት። ሌላው ደግሞ ትልቁ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ማን ይባላል ነው። ያ ልጅ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል! ለማሽኑ እውነት የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ከተማው ለሚለው የወጥ ስም ጻፉ። ቅጽል ስም ለሚለው የታርጋ ቁጥር ጻፉ። መልሱን ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ከሰነዶቻችሁ ጋር ቆልፉበት።

አዲስ የተከፈተ አካውንት በነባሪ ስታንዳርድ ነው። ለቤተሰቡ እንደዚያው ተዉት። ለራሳችሁ የምትከፍቱትን አዲሱን አድሚን ግን ስሙን ጫኑና "ቼንጅ አካውንት ታይፕ" ውስጥ ገብታችሁ አድሚኒስትሬተር አድርጉት።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። አዲሱን አድሚን ክፈቱ። ከድሮው ወጥታችሁ በአዲሱ ግቡ፣ ፓስዎርዱ መሥራቱን እዩ። ከዚያ በአዲሱ ውስጥ ሆናችሁ የድሮ አካውንታችሁን ወደ ስታንዳርድ ዝቅ አድርጉ። ፋይሎቻችሁ፣ ዴስክቶፓችሁ፣ ሁሉም ባለበት ይቆያል፤ የሚቀየረው ሥልጣኑ ብቻ ነው። አዲሱ አድሚን ሳይፈተሽ ራሳችሁን ዝቅ ማድረግ ግን ነገር መፈለግ ነው።

ስንት አካውንት? ባልደረባዬ ቤት አራት ሆነ፦ የሷ፣ አድሚኑ፣ የተማሪው፣ የልጆቹ። አማቷ ዩቲዩብ ላይ መንዙማ ለመስማት የልጆቹ ይበቃቸዋል። ለጎረቤትና ለእንግዳ አንድ ተጨማሪ መክፈት የሚፈልግ ይክፈት። "ጌስት" የሚለውን ስም ዊንዶውስ ለራሱ ስለያዘው አይቀበላችሁም፤ "እንግዳ" የሚለውን በላቲን ፊደል ጻፉት።

ዲ ድራይቭ፦ ሁሉም የሚረሳው በር

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ጨረስኩ ይላል። አልጨረሰም። እንዲያውም ዋናው ነገር ገና መምጣቱ ነው።

ዊንዶውስ የእያንዳንዱን ሰው የግል ፎልደር ከሌላው ስታንዳርድ ዩዘር ራሱ ይዘጋል። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ የሚባሉት እዚያ ውስጥ ናቸው። እነሱ ላይ ያለው ሥራችሁ ተጠብቋል። እኛ ግን ሥራችንን እዚያ አናስቀምጥም። ላፕቶፕ ፎርማት ያደረገልን ልጅ ሁሉ "ዋና ፋይልህን ዲ ላይ አድርግ፣ ሲበላሽ እንዳይጠፋ" ብሎናል። ምክሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ዲ ድራይቭ በነባሪ ለሁሉም ክፍት ነው። ማሽኑ ላይ አካውንት ያለው ማንኛውም ሰው፣ ስታንዳርድም ቢሆን፣ እዚያ ያለውን ያነባል፣ ይቀይራል፣ ያጠፋል። ሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ የከፈታችሁት ፎልደርም ከዚህ አያመልጥም።

ባልደረባዬ ዲ ላይ "2017 ኢምፖርት" የሚል ፎልደር ነበራት። ለተማሪው አዲስ አካውንት ከፍተን በሱ ስንገባ ፎልደሩ ቁጭ ብሎ ይታያል። ደብል ክሊክ፣ ተከፈተ። የማን ኮንቴይነር መቼ እንደገባ፣ በስንት እንደተገዛ፣ ሁሉም አለ። ልጁ ጨዋ ነው፣ አይነካም። የሱ ጓደኛ ያመጣው፣ ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረ ጌም ውስጥ ያለ ቫይረስ ግን ጨዋነት አያውቅም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዓይነት ከሆነ በልጁ መብት ይገባና ልጁ መጻፍ የሚችልበትን ሁሉ ይቆልፋል። ዲ ድራይቭን በሙሉ ማለት ነው።

ሁለት መፍትሔ አለ። ቀላሉ የሥራ ፎልደሩን ወደ ዶክመንትስ ወስዶ ዲ ላይ ያለውን ማጥፋት ነው። ስትወስዱት ኮፒ አድርጉት እንጂ ከት አታድርጉት። ኮፒ የሆነ ፋይል የገባበትን ፎልደር መብት ይይዛል፤ ከት የተደረገው ግን የድሮውን መብት ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሲበላሽ እንዳይጠፋ ለሚለው ሥጋት ደግሞ መልሱ ዲ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ አንድ ነው፤ ከሞተ ሲም ዲም አብረው ይሞታሉ። ውጭ ያለ ዲስክ ላይ ባክአፕ ያዙ።

ሁለተኛው፣ ፎልደሩን ባለበት መዝጋት ነው። በአድሚን አካውንት ግቡ። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ አድቫንስድ። ማን ምን መብት እንዳለው የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይመጣል። "ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ" የሚለውን ታያላችሁ። ወደ ማሽኑ መግባት የሚችል ማንኛውም ሰው ማለት ነው፣ መብቱም "ሞዲፋይ" ነው። በሩን የከፈተው እሱ ነው።

መጀመሪያ "አድ" ብላችሁ የየቀኑን አካውንታችሁን ስም አስገቡ፣ "ፉል ኮንትሮል" ስጡት። ይህን ሳታደርጉ ወደ ሌላው አትሂዱ። ቀጥሎ "ዲሴብል ኢንሄሪታንስ" የሚለውን ጫኑ። ይህ ፎልደሩ ከዲ ድራይቭ የሚወርሰውን መብት ያቆማል። ሁለት ምርጫ ያቀርብላችኋል። የመጀመሪያውን፣ የተወረሰውን መብት የራሱ አድርጎ የሚያስቀረውን ምረጡ። ሁለተኛው ሁሉንም ጠራርጎ ያጠፋዋል። አሁን "ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ" እና "ዩዘርስ" የሚሉትን መርጣችሁ "ሪሙቭ" በሉ። ሊቀሩ የሚገባቸው ሦስት ናቸው፦ የእናንተ ስም፣ "አድሚኒስትሬተርስ" እና "ሲስተም"። አፕላይ፣ ኦኬ።

እዚያው ገጽ አካባቢ "ዲናይ" የሚል ሳጥን ታያላችሁ። ያጓጓል። ዩዘርስን ዲናይ ማለት ልጆቹን መከልከል ይመስላል። ግን ዩዘርስ የሚባለው ቡድን ውስጥ እናንተም አላችሁበት፤ ቀጥታ የተሰጠ ዲናይ ደግሞ ከፍቃድ ይበልጣል። በገዛ እጃችሁ ራሳችሁን ውጭ ታስቀራላችሁ። ቤት ውስጥ ለሚሆን ነገር ዲናይ አያስፈልግም። ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው መብት የለውም፣ አለቀ።

በአድሚን ሆናችሁ የሌላ ሰው ፎልደር ስትከፍቱ ደግሞ መብት የለህም፣ "ኮንቲኒው" ብትል ለዘለቄታው ታገኛለህ የሚል መልእክት ይመጣል። ለዘለቄታው ያለው የምሩን ነው። ከጫናችሁት የአድሚኑ ስም ፎልደሩ ላይ ተጽፎ ይቀራል። የልጁን ፎልደር ለማየት ብቻ ብላችሁ አትጫኑት።

ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫንም ነገር አለ። አዲሱን አካውንት በድሮው ስም ብትከፍቱት እንኳ ፎልደሩ አያውቃችሁም። ማሽኑ የሚይዘው ስማችሁን ሳይሆን በኤስ ፊደል የሚጀምር ረጅም ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ተቀይሯል። ሴኩሪቲ ላይ ያንን ቁጥር ካያችሁ አትደንግጡ፣ ፋይሉ አልጠፋም። በአድሚን ገብታችሁ አዲሱን ስማችሁን ጨምሩ፣ የድሮውን ቁጥር አውጡ።

በመጨረሻ ፈትሹ። በተማሪው አካውንት ግቡና ፎልደሩን ለመክፈት ሞክሩ። መብት የለህም ካለና ለመቀጠል የአድሚን ፓስዎርድ ከጠየቀ ተዘግቷል። ከተከፈተ አንድ ነገር ዘላችኋል። እኔ ሰው ቤት ሄጄ ሳልፈትሽ ሻይ እንኳ አልጠጣም።

ፍላሽ ላይ ይህን ሁሉ አትፈልጉት። አብዛኛው ፍላሽ በፋት 32 ወይም በኤክስፋት የተፎረመተ ስለሆነ የመብት ዝርዝር አይይዝም። ሴኩሪቲ የሚለው ክፍልም አይታይም። ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል ፍላሹን የያዘው ሰው ንብረት ነው።

ፒችትሪ አሻፈረኝ ሲል

የሒሳብ ሰዎች ይህን ክፍል ሲጠብቁ እንደነበር አውቃለሁ። የሒሳብ ፕሮግራሙ ስም ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል፤ እኛ ግን ፒችትሪ ማለታችንን አልተውንም። የቆዩት ስሪቶቹ በስታንዳርድ አካውንት ሲከፈቱ ሊያኮርፉ ይችላሉ። ካምፓኒውን አልከፍትም ይላሉ፣ ወይ ተከፍተው ሴቭ ሲደረግ ስህተት ያወጣሉ። ያኔ ሁሉም የሚሰጠው ምክር "አድሚን አድርገውና ተገላገል" የሚል ነው። አትገላገሉም። ለአንድ ፕሮግራም ብላችሁ የማሽኑን ቁልፍ በሙሉ አወጣችሁ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አንድ ፎልደር ላይ የመጻፍ መብት ነው። ፒችትሪ ውስጥ "ሜንቴን"፣ ከዚያ "ካምፓኒ ኢንፎርሜሽን" ብትከፍቱ ዳታው የተቀመጠበትን መንገድ ታያላችሁ። ባክአፕ ውሰዱ፤ ያለ ባክአፕ የሒሳብ ዳታ አይነካም። ፕሮግራሙን ዝጉ። በአድሚን ግቡና ያንን የዳታ ፎልደር በሴኩሪቲ በኩል ክፈቱት። የየቀኑን አካውንታችሁን ጨምሩና "ሞዲፋይ" ስጡት። ፉል ኮንትሮል አያስፈልግም። ሞዲፋይ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ያጠፋል፤ የፎልደሩን መብት መቀየር ግን አይችልም። ከዚያ በየቀኑ አካውንታችሁ ገብታችሁ አንድ የሙከራ ነገር ሴቭ አድርጉ፣ መልሳችሁ ሰርዙት። እዚያው ላይ ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ ካለ ልክ እንደ ዲ ፎልደሩ አውጡት። "ሲስተም" የሚለውን ግን አትንኩ፣ ከጀርባ የሚሠራው የዳታቤዝ ሰርቪስ ሊፈልገው ይችላል።

ይህ የፒችትሪን የራሱን ፓስዎርድ አይተካም። ፕሮግራሙ ውስጥ ማን ሽያጭ ያያል፣ ማን ደመወዝ ያያል የሚለው ለብቻው ነው የሚዘጋጀው።

የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም በአድሚን አንድ ጊዜ መጫን አለበት። ከዚያ በኋላ በስታንዳርድ አካውንት ከፍታችሁ መጻፉን እዩ።

ቴሌግራምና ብራውዘር

እውነቱን እንነጋገር፣ የኛ ቢሮ ሰነድ የሚመላለሰው በቴሌግራም ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም የምታወርዱትን ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ በራሱ ስም ፎልደር ከፍቶ ያጠራቅማል። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ የደንበኛው ፓስፖርት፣ ከሠርግ ፎቶ ጋር ተደባልቆ እዚያ አለ። አካውንት ለየብቻ ከሆነ ይህ ራሱ ተለያየ። ልጁ የራሱን ቴሌግራም በራሱ አካውንት ይጭናል፤ የአድሚን ፓስዎርድ እንኳ አይጠይቀውም፣ ምክንያቱም ቴሌግራም የሚጫነው በዚያ ሰው ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ "ያለኔ ፈቃድ ምንም አይጫንም" ብላችሁ አትመኑ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ብዙ ነው። ግን የሚነካው የልጁን ክፍል ብቻ ነው።

ክሮም ላይ ፕሮፋይል ለየብቻ መክፈት ይህን አይተካም። አንዱ ወደሌላው ፕሮፋይል በአንድ ክሊክ ይገባል። ክሮም ውስጥ ያስቀመጣችሁትን የጉምሩክ ወይም የባንክ ፓስዎርድ ለማየት የሚጠየቀው ደግሞ የዊንዶውሱ ፓስዎርድ ወይም ፒን ነው። ያንን ቤተሰቡ በሙሉ ካወቀው ምኑ ተዘጋ?

ፒን ካላችሁ ቀይሩት። የበር ቁጥርና የልደት ዓመት አይሁን።

መብራት ሲጠፋ

ተነስታችሁ ስትሄዱ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤል ጋር ጫኑ። ስክሪኑ ይቆለፋል። ልጁ የራሱን ስም መርጦ ይገባል፣ የእናንተ ሥራ ከጀርባ ተከፍቶ ይቆያል። ደስ ይላል። ግን አንድ ጣጣ አለው። ልጁ ጨርሶ "ሻት ዳውን" ሲል ዊንዶውስ ሌላ ሰው እየተጠቀመ ነው፣ ያልተቀመጠ ሥራ ሊጠፋ ይችላል ይለዋል። ልጅ ደግሞ "የስ" ይላል። ዴስክቶፕ ከሆነ፣ ወይ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ፣ ማስጠንቀቂያም የለም፤ መብራት እልም ሲል የሁሉም ሰው ሥራ አብሮ ይሄዳል። ለልጁ ከመልቀቃችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ። ፒችትሪን ደግሞ ጨርሳችሁ ዝጉት፣ ሥራ መሐል ላይ ተቋርጦ የዳታ ፋይሉ እንዳይበላሽ።

ደካማ ማሽን ከሆነ የሁለት ሰው አካውንት በአንዴ ሲከፈት ፋኑ ይጮሃል። በግንቦት ሙቀት በተለይ። ሎክ ከማድረግ "ሳይን አውት" ማለት ይሻላል።

ላፕቶፑ ከቤት ሲወጣ

እስካሁን ያወራነው ሁሉ የሚሠራው ዊንዶውሱ በሥርዓት ሲነሳ ነው። ላፕቶፑ ባጃጅ ላይ ከተረሳ፣ ያገኘው ሰው ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ቢሰካው በዚያ ማሽን ላይ አድሚን እሱ ነው። የዘጋችሁትን ፎልደር ከፍቶ ያነባል። ይህን የሚያስቆመው ዲስኩን ማመስጠር ነው። ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከር አለ። ሆም ላይ ማሽኑ ከፈቀደ "ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን" የሚል ሴቲንግስ ውስጥ ታገኛላችሁ። ስታበሩት 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይኖረዋል። ያ ቁልፍ ከጠፋና ማሽኑ ከጠየቃችሁ ፋይሉን እኔም አላወጣላችሁም፣ እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ያለው ጠጋኝም አያወጣላችሁም። አትማችሁ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ አስቀምጡት። የቢሮ ማሽን ከሆነ አንድ ኮፒ ቢሮ ይኑር።

ሰው ሲሄድ

ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ፣ ወይም እንግዳው ወደ ሐረር ሲመለስ፣ አካውንቱ ተከፍቶ አይቅር። በአድሚን ግቡና አዘር ዩዘርስ ውስጥ ስሙን ጫኑ፣ "ሪሙቭ" በሉ። ከአካውንቱ ጋር ዴስክቶፑ፣ ዶክመንቱ፣ ፎቶው ሁሉ እንደሚጠፋ ይነግራችኋል፤ ይጠፋልም። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ልጁን ጥሩት፣ ራሱ ገብቶ የሚፈልገውን በፍላሽ ይውሰድ። የመመረቂያ ጽሑፉን ያጠፋችሁበት ዘመድ በየሠርጉ ሲያነሳባችሁ ይኖራል። ዲ ድራይቭ ላይ ያስቀመጠው ካለ ግን አብሮ አይጠፋም፣ እሱን ለብቻው ፈልጋችሁ አጽዱ።